የቋጠሮ ቆጠራ

ከዋናው መሥሪያ ቤት ቅጽ ይዞ የመጣ፣
አንገቱ ያልላበው፣ ሸሚዙ የነጣ፣
አንድ ወጣት መጥቶ አጠገቤ ቆመ፣
በማሽኑ ጩኸት ጆሮው እየታመመ።
«የአንድ ሰዓት እንቅልፍ ስንት ክር ይበጥሳል?
አሥር ሰው ባይተኛ ምርት በስንት ያንሳል?»
ብሎ ጮኸብኝ። ለሁሉም አንድ ቁጥር
ሊወስድ ነው ያሰበው፣ በአንድ ሉክ ሊቋጥር።

እኔ ግን፣ ወንድሜ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት
ሰው ነው የማነበው ከሌሊት እስከ ሌሊት።
ፈትል ክፍል ውስጥ ነኝ፤ ሥራዬ ቆጠራ፤
የተበጠሰው ክር ሲቀጠል በተራ
ቋጠሮ ይቀራል። ቋጠሮው ያወራል፣
ማን ነቅቶ እንደዋለ እሱ ይመሰክራል።

ቀን መተኛት በድሬ ስሙ እንጂ የት አለ?
ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ከረፋድ የጋለ፤
ባጃጁ ይጮሃል፣ ልጅ ኳስ ይለጋል፣
ጎረቤት ግድግዳ በሚስማር ይወጋል።
ሁሉም እንዲህ ያድራል፣ ይውላል ማለቴ፤
ቀንና ሌሊቱ ተምታታብኝ በቤቴ።
ግን እኩል አይከፍልም እኩል የጎደለው፤
የእንቅልፍ ዕዳ ወለዱ እንደየሰዉ ነው።

ሮብሌን እይልኝ፤ ሁለት ቀን ባይተኛ
ፈጣን ነው እጆቹ፣ ከሁሉም አንደኛ።
በሦስተኛው ሌሊት፣ ቀልዱን እንደያዘ፣
ከወሬው መካከል ቃሉ እየፈዘዘ፣
ዐይኑ አይጨፈንም፣ ቆሞ ነው የሚያልም፤
ማሽኑን ካላጠፋሁ ጣቱ አይተርፍለትም።

ስንቅነሽ ደግሞ ገና በር ላይ ታዛጋለች፣
«ዛሬስ ሞቼልሃለሁ» እያለች ትገባለች።
ፊቷን ብቻ አይተህ «አትችልም» ትላለህ፤
ንጋት ላይ ቁጠራት፣ ሦስት ቋጠሮ ታገኛለህ።
ሦስት!
እኔ ጠግቤ ተኝቼም ከዚያ በላይ እቋጥራለሁ።

የ«ደህና ነኝ» ሰውም አለ፣ ኢብሳ ይባላል፤
ከአወዳይ በመጣ ቅጠል ይማማላል።
ነቅቻለሁ ይላል፤ መንቃቱስ ነቅቷል፤
መንቃትና መድረስ ግን መች አንድ ሆኖ ያውቃል?
ክሩ ፊቱ ሲበጠስ ኢብሳ ያየዋል፣
ያየዋል፤ እጁ ግን ወሬውን ኋላ ይሰማዋል።

አሁን ስማኝ አንተ፣ ይህ ከቅጽህ የለም፤
እንደ ፈቲያ ያለ ክር ቀጣይ አላየሁም።
ግን ከቀትር በኋላ፣ በደንገጎ ማዶ፣
ሰማዩ ከጠቆረ፣ ደመናው ከብዶ፣
እዚህ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደቻቱ ደርቆ ሳለ፣
አሸዋው ላይ ገበያው እንደተጣለ፣
እሷ አትተኛም። ቤቷ ወንዙ ዳር ነው፤
ልጅ ሳለች በዚያ ጎርፍ የሆነውን ታውቀው።
«እንቅልፍ ወሰደኝ» እንላለን እኛ፤
የእሷን ታናሽ ግን ውኃ ነው የወሰደው፣ እንደተኛ።

ስለዚህ ማታ ስመጣ ደንገጎን አያለሁ፤
ከጠቆረ፣ ፈቲያን ከፈትል አነሳለሁ፤
ጥቅል ትቁጠር እላለሁ፣ ምክንያት አልሰጣትም፣
እሷም አትጠይቀኝ፣ እኔም አልነግራትም።
ይህን በየት ሣጥን ምልክት ታደርጋለህ?
ደመና የሚል መስመር ቅጽህ ላይ አለህ?

ልጁ ጻፈ ጻፈና ቀና ብሎ አየኝ፤
«አንተስ?» አለ። «እኔማ ለምጃለሁ፣ ደህና ነኝ።»
መዝገቤን ሳበና ጣቱን አስቀመጠ፤
አልሳቀም፣ አልናቀኝ፤ ገጹን ገለበጠ።
በእኔው እጅ ጽሕፈት፣ በእኔው ፊርማ፣
ማክሰኞ ሁለቴ ተጽፏል፤ ረቡዕ ግን የለማ።

ውጭ ወጣሁ፣ ነፋስ ለመቀበል።
ከደንገጎ በላይ ግራጫ ይንሳፈፋል፤
ደመና ይሁን ጎህ፣ ዐይኔን ባሸው ባሸው
አልለይ አለኝ።
ፈቲያን ጠራኋት፤ እሷ ናት የምታውቀው።