የአንዲት ዋው እግር

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው፤ አንትወርፕ ያካፋል፤
ባቡሩ ከመስኮቴ ትይዩ በድልድዩ ያልፋል፤
ባለፈ ቁጥር የቀለም ብልቃጤ ይንቀጠቀጣል።

ሊፓ፣ አልማዝ ሞራጁ፣ በዝናብ እንደራሰ
ሳያንኳኳ ገባና ከጠረጴዛዬ ደረሰ።
ከብብቱ አወጣው የሟች አባቱን አሸንክታብ፤
ጠፍሩ አርባ ሦስት ዓመት የጠጣ የክንድ ላብ።
«ልጄ ዐሥራ ሦስት ሊሞላው ነው፤ እሱ ሊያስረው፤
ለወጉ ያህል ብቻ፣ ረብ ኦዘር፣ እስቲ እየው።»

ስፌቱን ፈታሁት። የጅማት ክር ነው፤ ሲጎትቱት ይጮሃል።
ብራናው ከትንሿ ጣት አይወፍርም፤ ተጠቅልሎ ይተኛል፤
ወገቡ በጥጃ ጅራት ፀጉር ይታሰራል።

ዘረጋሁት። አጉሊ መነጽሬን ካይኔ አጣበቅሁ።
የጻፈውን ባላውቀው እጁን ግን አወቅሁ፦
ላሜዱ አንገተ ረጅም፣ ሳኑ ጥርሱ የተስተካከለ፣
ዳሌጡ ሬስ እንዳይመስል ማዕዘን የተከለ፣
በፊደልና በፊደል መሃል ፀጉር ታህል ያገለለ፣
ቁም ጸሐፊ ነበር፤ ሲጽፍ ያልቸኮለ።
ስድስተኛው መስመር ላይ ዓይኔ ተሰናከለ።

አሌፍ፣ ዋው፣ ታው ናት ቃሊቱ፤ «ምልክት» ማለት ነው፤
«ፊደል»ም በዕብራይስጥ የሚጠራው በሷው።
የመሃሏ ዋው ናት እግሯ ያጠራት፤
ብዕሩ ደርቆ ይሆን፣ እጁ ደክሞት፣
ወይ ከደጅ ሰው ጠርቶት፣ ሕፃን አልቅሶበት፣
ማን ያውቃል፤
ዋው ናት ስል ዋው ናት፤
ዮድ ናት ስል ዮድ ናት።

ፊደል የቆጠርሁ ነኝ፤ ያም ሆነብኝ ዕዳ፤
ገና ዓይኔ ሳይደርስ ልቤ የሚረዳ።
ሕጉ ለዚህ ዳኝነት ሊቅ አምጡ አይልም፤
ልጅ ጥሩ ይላል፤ በጣም ብልህ አይሁን፣ ሞኝም፤
ፊደሉን ይለይ እንጂ ቃሉን አይገምትም።

ከታች ካለው ዓሣ ሻጭ ሄሼልን አስጠራሁ።
ስድስት ዓመቱ ነው። ሁለት የፊት ጥርስ የለውም።
መዳፉ ጨው ዓሣ ይሸታል፤ «እንዳትነካ!» አልሁ፤
የዋዋን ጎረቤቶች በወረቀት ከለልሁ።

ሊፓ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ጀርባውን ነው የማየው።
በሰው አልማዝ ውስጥ ስንጥቅ ሲፈልግ የኖረ ሰው፣
የድንጋይን ዋጋ በአንድ ጥቅሻ የሚጥል፣ የሚያነሳው፣
የአንዲት ጠብታ ቀለም ማጠር አስፈራው።

ሄሼል አጎነበሰ። አፍንጫው ብራናውን ሊነካ ምንም አልቀረው።
ባቡር አለፈ።
ቀለሙ በብልቃጡ ተናወጠ፤ ሰከነ።
እኔ በሆዴ «ዋው በል፣ ልጄ፣ ዋው በል» እላለሁ፤
ለምስክር ሹክ ማለት ነውር መሆኑን እያወቅሁ።

«ዮድ» አለ።
ቀና ብሎ ፊቴን አየና፣
«ረጅም ዮድ» አለ።
«ረጅም ዮድ የሚባል የለም፣ ልጄ» አልሁት።
«እሺ፤ ዮድ።»
ከረሜላውን ተቀብሎ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።

«እንግዲህ አባቴ» አለ ሊፓ፣ ፊቱን ሳይመልስ፣
«አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየማለዳው ሲነሣ፣
ሰባት ጊዜ ሲጠመጥም፣ ሲስመው፣ ሲፈታው፣
ባዶ ሳጥን ነበር ያሰረው?»

ሕጉን ነገርሁት፤ የማውቀው እሱን ነው፦
ዛሬ እግር ብቀጥልላት አይሆንም፤
በአሸንክታብ ላይ ፊደል በተራው ነው የሚጻፍ፤
ከኋላው ሌላ ፊደል ከተጻፈ
ተመልሶ አይታረምም።
ብራናው ይቀበራል፤ እንደ ሰው፣ ከአፈር።
ስለ አባቱ ግን ዝም አልሁ።
እኔ ሄሼልን የጠየቅሁት ስለ ዋዋ ብቻ ነው፤
ያንን ለሚፈርድ ልጅ ስንት ዓመት እንደሚበቃው
የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁም።

ሊፓ ተመለሰ። ከደረት ኪሱ
የራሱን መነጽር አወጣ፣ አልማዝ የሚያይበትን፤
ካይኑ ሰካው፤ አጎነበሰ፤
ሌላ ባቡር መጥቶ እስኪሄድ ድረስ አየ።
«ዋው ናት» አለ።

«ልጁ ነህ» አልሁት።