ዕረፍት፣ ሦስት ሰከንድ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከላውንደሪው ጎን፣
የብረቱን መዝጊያ ሽቅብ ጠቅልዬ፣
ኤሲው ሌሊቱን ያንጠባጠበበትን ባልዲ ደፍቼ፣
ከጥቁሩ መስኮት ፊት እቀመጣለሁ፤
አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፣
ትእዛዝ ጠባቂ ትመስላለች።

«ተነሡ» እላለሁ። ሦስት ፊደል። ኢንተር።
የቪዛው ቅጽ ይነሣል፣ ግራውን ይይዛል፤
ስካነሩ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤
የሒጅራው ቀን መቁጠሪያ፣ የዐረብኛው መዝገበ ቃላት፣
የሒሳቡ ሠንጠረዥ ከነትናንት ዕዳው፣
ማውሱን ሳልነካው፣
«አቤት» ሳይሉ፣ ኮቴ ሳያሰሙ፣
እንደ ተማሪ ሰልፍ በየቦታው ቆሙ።

ቢጁ ነው ያሳየኝ፣ የኬረላው ልጅ፣
ካሜራ ገጣሚ፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ኪሱ ብሎን የማያጣ።
«በየጠዋቱ ሰባቱን እየዞርሽ ከምትቀሰቅሺ
ዝርዝር ጻፊላቸው፣» አለኝ፣ «አንድ ፋይል ይበቃል።
ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር፦
ስሙን፣ የሚመጣበትን መንገድ፣ የሚቆምበትን ቦታ።»

ስም፣ መንገድ፣ ቦታ።
እጄ ከቁልፎቹ ላይ ቀጥ አለ ላፍታ።

እኔም ዝርዝር ነበረኝ።
አጅማን፣ ባለ ሁለት ፎቅ ቪላ፣ ከማቀዝቀዣው በር
በሙዝ ቅርጽ ማግኔት ተለጥፎ ነበር።
ዐሥራ አንድ ሰዓት፦ የልጆቹ ጫማ።
ከዚያ የግቢው አሸዋ።
ከዚያ የሽማግሌው መድኃኒት፣ ከምግብ በፊት።
ከዚያ የመጅሊሱ ምንጣፍ፣ ከነጠርዙ።
ከላይ እስከ ታች፣ አንድ መስመር ሳይዘለል፤
ለማስነሣትም አንድ ቃል ይበቃ ነበር፦ «ያላ!»

ስሜ ጦይባ ነው። ዝርዝሩ ስም አይጠይቅም፣
ለሚሮጥ ሰው ስም ምን ያደርግለታል?
መንገዴን ፓስፖርቴ ያውቀው ነበር፣
እሱም ከእመቤቲቱ መሳቢያ ተቆልፎ ያድር ነበር።
ቦታዬ? ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣
ሌሊት በጩኸቱ እየነቃሁ፣
ሲያቆም ደግሞ በዝምታው።

የመጀመሪያው ቀን ሰባቱም ባንዴ ሲነሡ
ማሽኑ ተንፈራገጠ፣ ደረቀ፤ ስክሪኑ አመድ መሰለ።
ቢጁ ሣቀ። «ትንፋሽ ስጪያቸው፣» አለ፣
«በመስመርና መስመር መሐል እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦
ዕረፍት፣ ሦስት ሰከንድ።»

አራት ዓመት ከሁለት ወር ያንን በር ሳነብ
እንዲህ ያለ መስመር አላየሁም።
ሦስት ሰከንድ ምን ያህል ናት?
ወገብ ቀና እስኪል፣
በኩሽናው መስኮት አንዲት ርግብ
ከሳተላይት ሳህን ላይ ተነሥታ
ሌላው ሳህን ላይ እስክታርፍ።
ይህንንም ሰርቄ ያየሁት ነው።

ሌላም ምልክት አለች፣ የተሻገረ አጥር የምትመስል፤
ከመስመሩ ፊት ስትቆም መስመሩ አይነበብም።
አይጠፋም ደግሞ። እዚያው ይቀመጣል፣
እንዳልተጠራ ሰው።

አንድ ማታ ሱቁን ዘግቼ
የማቀዝቀዣውን ዝርዝር በቃሌ ጻፍኩት፣
ከፋይሉ ግርጌ፣ ከጫማው እስከ ምንጣፉ፤
በእያንዳንዱ ፊት ያቺን አጥር አቆምኩ።
በማግስቱ «ተነሡ» ስል
ሰባቱ ተነሡ። ሌሎቹ ተኙ።
«ያላ» ራሷ ተኛች።
ቢጁ አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤
«የድሮ ቅጂ ነው» አልኩት።

ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ።
አንዲት ሴትዮ፣ በእጇ የሌላ ሰው ፓስፖርት፣
ከኋላዋ አዲስ ጫማ የጠበባት ልጅ።
«ቶሎ ጻፊልን፣ መኪናው መንገድ ዘግቷል።»
ቅጹ ተነሥቶ ቆሟል፣ የመጀመሪያው ሣጥን ባዶ ነው።
ከፓስፖርቱ መገልበጥ እችል ነበር።
ቀና ብዬ ልጅቷን በገዛ ቋንቋችን
«ስምሽ ማነው?» አልኳት።
ደነገጠች። ሴትዮዋን አየች፣ ወለሉን አየች።
እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሁ።
አንድ።
ሁለት።