እስኪ

ከካርሜል ተራራ ወገብ፣ አራተኛ ፎቅ ነው ቢሮዋ፤
ባሕሩ መስኮቱን ሞልቶት፣ ዐይኗ ግን ከሰሌዳዋ።

ሦስት ዓመት የለፋንበት
ቢንያሚና ያለ አንድ የባቡር ማቋረጫ ነው፤
ቀይና ነጭ ዘንግ፣ የሚወርድ የሚነሣ፣
መንገደኛ እየሰደበው።

«ሞከርነው፣ ሠራ» ማለትን ፕሮፌሰር ኒሊ አትወድም፤
ሺህ ጊዜ ስለ ወረደ፣ ለሺህ አንደኛው አትፈርድም።
ስለዚህ ማሽኑ ሌሊቱን ያልሆነውን ሲፈትሽ ያድራል፣
ቀዳዳ ካገኘም ጠዋት፣ እርምጃ ቆጥሮ ያስረዳል፦
አንዱ ባቡር አለፈ። ሴንሰሩ አንቀላፋ።
ሁለተኛው ተከተለ።
ዘንጉ ተነሣ።

ማንም አልሞተም። በስሌት ውስጥ፣ ሐዲዱ ላይ፣ አንዲት መኪና ነበረች።
ኒሊ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላችም፤ «ማን ነበር ውስጧ?» አለች።

ሐሙስ ዕለት፣ ጠመኔዋን እንደያዘች፣
«ስማቸው፣ በእናንተ ቋንቋ ‹ዓድ› ምን ይባላል?» ብላ ጠየቀች።
«እስኪ» አልኳት። «እስኪመጣ። እስኪነጋ። እስኪያልፍ።
ሰው ስንለምንም እስኪ ነው፤ እስኪ ና፣ እስኪ ዕረፍ።»

ሳቀች። «የእኛ እስኪ ሁለት ነው» አለች፣ ሰሌዳውን ጠርጋ፤
«ብርቱው ቃል ይገባል፦ የጠበቅኸው ይመጣል፣ ስንቴም ቢመሽ ቢነጋ።
ደካማው ግን መምጣቱን አይልም፤ ባይመጣም እውነት ነው ቃሉ፣
ጠባቂዎቹ እየጠበቁ ከቦታቸው እስካሉ።»

ጽፌ ያዝኩት። ከዚያ እጄ ቆመ።

እናኑ፣ የአክስቴ ልጅ፣ ጎንደር ኪራይ ቤት ቁጭ ብላ
«እስኪጠሩኝ ነው» ትላለች፤ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሞላ።
ጣራው ሲያፈስ አልደፈነችም፣
ለጥቂት ቀን ብላ።
ሻንጣው እንደታሰረ
ልጇ አድጎ የራሱን ልጅ አቀፈ።
ቃሏን መስመር በመስመር ፈተሽኩት፤
ስሕተት የለበትም።
ያስፈራኝም ይኸው ነው።

«ጠባቂው ራሱ» አልኩ፣ «በየትኛው እስኪ ውስጥ እንዳለ ያውቃል?»
ኒሊ ጠመኔዋን አስቀመጠች።
«እስኪመጣለት ድረስ፣ አያውቅም።»

ማታ ባቡሬ ቢንያሚናን ሲያልፍ ዘንጉ ወርዶ ነበር፣
እንደ ተረጋገጠው፤
መኪኖቹ በሰልፍ ቆመው፣ መብራታቸው መስኮቴን እየዳሰሰው።
ስልኬ ጠራ። ድምጿ ይቆራረጣል፦
«እስኪ፣ ወንድሜ፣ እስኪ ቢሮ ሄደህ ጠይቅልኝ…»

«እሺ» አልኳት።
«እሺ» አልኳት፣ መስመሩ እስኪቋረጥ።