ወይኔ

ዶሮ ሁለቴ ሲጮኽ ካዘዞ ተነሣን፣
ዳቦና ውኃ ይዘን፣ ፓምፑን ግን ረሳን።
ማስረሻ የሚሉት ባልንጀራ ይዞ
ያልረሳ ማን አለ በረጅም ጉዞ!

እሱ ፒያሳ ላይ ጎማ ይለጥፋል፣
እኔ የሰው መዝገብ ስገልጥ ቀኑ ያልፋል፤
በወር አንድ ቅዳሜ፣ ማንም ሳይልከን፣
ዳገት ፍለጋ ነው፣ ሜዳው እያለልን።

መገጭን ስንወርድ ጨለማው አልለቀም፣
ድንጋዩን በጎማ እንጂ በዓይን አናውቅም፤
ከሥሬ ሲንጋጋ የወንዙ ጠጠር
ጥርሴን ከሰንሰለት መለየት ሲቸግር።

የካቲት ነውና ወንዙ አንሷል፣ ከስቷል፣
በየጉድጓዱ ውስጥ የሰማይ ቁራሽ ቀርቷል።
ማስረሻ በረረ ውኃውን ሰንጥቆ፣
እኔ ቆምኩ መሐሉ፣ ጎማዬ ተጣብቆ።
አንሥቼ ተሸከምኩት፤ ሲጋለብ የኖረ
ብረት፣ በተራው፣ ጋልቦኝ ተሻገረ።

ማክሰኝት አፋፉ ላይ፣ አህዮች በረድፍ፣
ነጭ ሽንኩርት ጭነው፤ እኛ ብለን «እንለፍ»፣
«ምን ጭነህ ነው?» አለች
ባለአህያዋ፣ ባዶ ጀርባዬን አይታ።
«ምንም» አልኳት።
«ምንም ለመጫን ይህን ሁሉ ላብ!» ብላ ሣቀች።

የጉዛራ ግንብ ከላይ፣ ጋርኖ ከታች ሆኖ፣
መሐሉ ኮረብታ፣ በወይን ተሸፍኖ፤
ሐረጉ በወይራ እንጨት ሲንጠላጠል፣
እንደ ተማሪ ልጅ ተራ ይዞ ቅጠል።
ጠባቧን መንገድ፣ ከካቡ ሥር ያለች፣
ማስረሻ በፉጨት ወረዳት። አለቀች።
እኔም ተከተልኩ፣
ማርሽ ቀየርኩ፤
መጀመሪያ ነፋስ፣ ቀጥሎ ደስታ፣
ቀጥሎ አንዲት ጠጠር፣ እንቁላል የምታህል፣ ተኝታ።

ፍሬኑን ጨበጥኩት። ሽቦው ተበጠሰ።
ሰማይ ከላይ ወርዶ ከሥሬ ደረሰ።
«ወይኔ!» ብዬ ጮኽኩኝ፣ ቅጠል ባፌ ሞልቶ።
«የኔ እንጂ!» አለ ድምፅ፣ ከሐረጉ ወጥቶ፣
«ያንተማ የቱ ነው? አንድ ዘንግ ተክለሃል?»

ጋሽ ጓንጉል ነበሩ፤ መቀስ በእጃቸው፣
የከረባት ቁራጭ መታጠቂያቸው።
ቀድመው ያዩት እኔን አይደለም፤ ሐረጉን፣
ጎንበስ ብለው ዳበሱት የተሰበረ ጎኑን።
«ፍሬን የለህም?» አሉኝ።
«ፍሬን አጣሁ» አልኩኝ።
«እኔም ፍሬን አጣሁ፤ ተመልከት መሬቱን፣
አራት ዘለላ ነው፤ ቁጠር፣ አንተው ራስህ፣ አራቱን።»

ብር ሳወጣ ጊዜ ፊታቸውን አዞሩ፤
«ብር ግንድ አይጠግንም» ብለው ተናገሩ፤
ዓይናቸው ግን ሄዶ ኮርቻው ሥር ቀረ፣
ትርፍ ከመነዳሪ በዚያ ታስሮ ነበረ።

በመቀስ ቆረጡት፣ በጣት ስፋት ቀደው፣
እንደ ወጌሻ እጅ ስንጥቁን ገጥመው፣
ሦስት ዙር፣ አራት ዙር። «ገመድ ያንቀዋል፤
ይኸ ግን ሲወፍር አብሮት ይለጠጣል።
ሁለቴ ነዶ፣ ሁለቴ አቆጥቁጦ፣
በሳይክል ይሙት እንዴ፣ ያን ሁሉ አምልጦ?»

ሃያ ዓመት ሙሉ ጎማ የለጠፈ
ማስረሻ ቆሞ አየ፤ ፉጨቱን ገደፈ።

«በሉ እንግዲህ፣ የሰበራችሁትን ብሉ፤
እኔስ ሐኪም ከልክሎኛል፣ ስኳር አለብኝ» አሉ።

ስንመለስ፣ ከጠዳ ወዲህ፣ ሲመሽ፣
የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ፦ ሽ… ሽ… ሽ።
ትርፍ የለም። ፓምፕ የለም።
ማስረሻ፣ ይገርማል፣ አልተማረረም።
ጎን ለጎን እየገፋን፣ አራቱን ዘለላ
ከነአቧራው ስንበላ፣
ዘሩን እየተፋን በአስፋልቱ ዳር፣
ጉልበቴ ደምቶ፣ ጣቴ ከጣቴ ተጣብቆ በስኳር።

የአዘዞ መብራት ሲታይ ቆም አለ።
«ስንት ቦታ ለጥፌው ነበር ያን ጎማ?»
«ሦስት» አልኩት።
«አራት» አለኝ፤
ፊቱ አልታየኝም በጨለማ።