እንዴት አደሩ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሰባ ሁለት፣ አራተኛ ፎቅ፤
መብራቱ እንግዳ ነው፤ መምጫው አይታወቅ።
ወይዘሮ ስንዱ ጉልበታቸውን ብርድ እየበላባቸው
በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ገዝተው
ጠሩኝ። "የቀረው ቱቦ ብቻ ነው" አሉ።
"ቱቦ ብቻ።" ሁሉም እንዲሁ ይላሉ።

ገመቹ፣ ቀስ በል። ሜትሩን ደግመህ ዘርጋው።
"አሥሬ ለክተህ አንዴ ቁረጥ" የሚለው ልብስ ሰፊ ነው፤
የሱ ስህተት በመርፌ ይታረቃል፤ የኛን የሚሰፋው ማነው?
ቱቦው ዙሪያ ወረቀት ጠቅልል፤ ጠርዝ ከጠርዝ ይግጠም፤
ሴጌቶው በዚያ ይሂድ፤ ሌላ መንገድ የለውም።
ጠማማ የተቆረጠ አፍ ጎሚቶው ውስጥ አይቀመጥም፤
ከውጭ ሲያዩት ገጥሟል፤ ከውስጥ ግን አልገጠመም።

አሁን ፍርፋሪውን። ከውስጥ በቢላ፣ ከውጭ በሞረድ፤
ነጭ ብናኙ እንደ ዱቄት ሱሪህ ላይ ይውረድ።
ጠርዙን ሸረፍ አድርገው፣ እንደ ተቀረጸ እርሳስ፤
ያልተላገ ጠርዝ ኮላውን ይጠርገዋል እስከ ጥጉ ድረስ።

ሳትቀባ ሞክረው መጀመሪያ። ደረቁን ግጠመው።
ከግማሽ በላይ ሄዶ ይያዝ፤ ከላላ ግን መልሰው።
በእርሳስ መስመር ጣል፣ ከቱቦው ወደ ጎሚቶው፣
ኮላ ሲነካህ ትቸኩላለህ፤ መስመሩ ነው የሚያስታውሰው።

ወይዘሮ ስንዱ ከበሩ ብቅ ብለው፣
"መስኮቱን ብከፍተውስ? ይህ ሁሉ ጣጣ ለምንድነው?"
አልመለስኩም።
አፌ ውስጥ እርሳስ ነበር።

አያት ጨፌ ሳለን፣ አሥራ አንድ ዓመት ይሆነዋል፣
ሕንፃ ስንሠራ፣ ኅዳር ላይ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤
ዘበኞቹ ሁለት ነበሩ፣ ሻረው እና ቢረሳው፤
ከሰሉን ከነማንደጃው ቆርቆሮ ጎጇቸው አስገብተው
የበሩን ሽንቁር በሲሚንቶ ከረጢት ደፈኑት።
ጠዋት "እንዴት አደራችሁ!" ብዬ በሩን መታሁት።
እንደገና መታሁት።
ሻረው ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ሰብስቦ፤
ቢረሳው ግማሽ ሲጋራ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ጋቢውን ደርቦ።
ፊታቸው ቀላ ብሏል፤ የጠገበ እንቅልፍ ይመስላል።
ጭስ አልነበረም። ጭስማ ያስላል፣ ጭስ ያስለቅሳል፤
ይህ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ አያንኳኳም ደጅ፤
አጠገብህ ነው የሚጋደመው፣ እንደ ወዳጅ።

ለወይዘሮ ስንዱ ይህን አልነገርኳቸውም፤
ለገመቹም። "ቅባ" አልኩት።

መጀመሪያ ሐምራዊውን ማጽጃ፣ ከቱቦው እስከ ጎሚቶው ውስጥ፤
ከዚያ ኮላውን፤ ፍጠን፣ ግን አትርበጥበጥ።
ቱቦው ላይ በርከት፣ ጎሚቶው ውስጥ ሳሳ፤
ሩብ ዙር እያዞርክ ግፋው፤ መስመሩን እንዳትረሳ።
ያዘው። ያዘው! ከለቀቅከው ወደ ኋላ ይሸሻል፤
ሠላሳ ቁጠር። ስልክህ ይጩህ፤ ማን ይሞታል?
ያልኩት ጆሮዬ ላይ ቆየ።

"ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ" ይላል ገመቹ፤ ከንፈሩ ብቻ ይነሣል፤
ከታች ሲኖትራክ አሸዋ ይገለብጣል፣
ወዲያ ማዶ፣ ገና ያልተሸጠ የሽንብራ ማሳ።

ውሃ ልኩን አምጣ። ወደ ማሞቂያው ዘንበል ይበል ትንሽ፤
ጠሉ ተመልሶ ይውረድ፤ ቱቦ ውስጥ ተኝቶ እንዳይዘጋው ትንፋሽ።

"ለቱቦ ማያያዝ ይህን ያህል?" ብለው መቶ ብር ቀነሱ።
አልተከራከርኩም። "እስከ ነገ ግን" አልኳቸው "እንዳይለኩሱ።"

በማግስቱ እኔው ለኮስኩት። ከግድግዳው ማዶ
ነጭ እንፋሎት ብቅ አለ፤ ጠፋ፣ ከብርዱ ተዋህዶ።
በየመጋጠሚያው ሳሙና ቀባሁ፤ አንድም አረፋ አላበጠ።

በሦስተኛው ቀን፣ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ፣ ደወልኩ።
ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ።
ጫማዬን ፈለግሁ።
እንደገና ደወልኩ።
"ማነው በዚህ ሌሊት?"
"እኔ ነኝ፣ የቧንቧው... እንዴት አደሩ?"
"ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ውሃው ግን ይለበልባል፤
ያቺን መቶ ብር እንኳንም ቀነስኳት!"

ስልኩን ዘግቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤
አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ ነበር።