ከቁጥር ያልገባ

ሰኔ ሠላሳ ማታ፥ ፒያሳ ላይ፥ ጣልያን በሠራው ቤት፥
ዝናቡ መስኮት ሲመታ፥ ሒሳብ እዘጋለሁ እኔ፥ ለውሃ አገልግሎት።
ቀበሌ በቀበሌ ደመርሁ፦ አራዳ፥ ቸቸላ፥ አዘዞ፥
ሜትር ኩቡ በብር ተመንዝሮ፥ ብሩ በመስመር ተይዞ፥
ሁሉም ልክ ነበር።
የጠቅላላውን ቁልፍ ስነካ ግን፥ በከተማው ድምር ቦታ
ሦስት ቃል ብቻ፦
«ቁጥር ያልሆነ ነገር»።

አልጮኸም። ማሽኑ አልቆመም። ቀይ መብራት አልበራም።
እንደ ላምባ ጠብታ ነው፤ እንስራ ውሃ ላይ አንዴ ከወደቀ፥
ቢቀዱት ቢቀዱት አይለቅም፤ ሽታው ከጣሳ ጣሳ ዘለቀ።
መቶ ጨመርሁበት፤ ያው ነው።
በዜሮ አባዛሁት፤ ያው ነው።
ዜሮ እንኳ ያልሰረዘው፥ ይህ ምን ዓይነት ዕዳ ነው?

ዱካውን ይዤ ወደ ኋላ፥ ከድምር ወደ ቀበሌ፥ ከቀበሌ ወደ አንድ በር፤
ከሌሊቱ ስድስት ላይ ደረስሁ፦
ከአዘዞ በላይ፥ ዳገቱ ላይ፥ የወይዘሮ ዝማም አጥር።
ቆጣሪው ተገጥሟል። ፎቶ ተነሥቷል። ሪባን ተቆርጧል።
የጠጣችው፦ ዜሮ።
ውሃ የመጣበት ቀን፦ ዜሮ።
ዜሮን ለዜሮ አካፍል ያልሁት እኔው ነኝ፤ አምና፥ በችኮላ።
ቀን የሌለው ቆጣሪ ይኖራል ብሎ ማን ያሰላ?

ለአለቃዬ ለገዳሙ ደወልሁ። እንቅልፍ በያዘው ድምፅ፥
«ዜሮ አርገሽ እለፊው፤ ጠዋት ሪፖርቱ ይፈለጋል» አለኝ።
ጣቴ ዜሮው ላይ ነበር።
ግን ዜሮ ቁጥር ነው። ዜሮ አፍ አለው፤ ይናገራል።
«ዝማም ውሃ ነበራት፥ አልጠጣችም» ይላል።
ከነጥብ ወዲያ ሁለት ቤት ይዞ፥ አምሮ የተጻፈ ውሸት።

እንዲህ ያለውን መያዣው አንድ ጥያቄ ነው፦
ከራስህ ጋር እኩል ነህ?
ሰባት፥ «አዎ» ይላል። ዜሮም «አዎ» ይላል።
ማለቂያ የሌለው እንኳ፥ ያ ትዕቢተኛ፥ «ነኝ» ይላል።
እሱ ብቻ «አይደለሁም»፤
ለራሱ እንኳ ምስክር አይቆምም።

ጻፍሁ፦ ከራሱ ጋር እኩል ካልሆነ፥ ከድምሩ አውጣው፤
ግን አትጣለው።
ስሙን ጻፍ፥ ቀበሌውን ጻፍ፥ ከግርጌ ለብቻው አስቀምጠው።

ሊነጋጋ ሲል ድምሩ ወጣ፥ ሳንቲሙ ሳይቀር።
ከሥሩ አንዲት መስመር፦
«ያልታወቀ፦ አንድ። ዝማም አዱኛ። ቆጣሪ አላት፤ ውሃ አልመጣም።»
ገዳሙ አነበበና አንገቱን አከከ፦ «ይችን መስመር እነሱ አይወዷትም።»
ቆጣሪ አንባቢው አዛናው ግን ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስር ነበር።
«የትኛው ዳገት ነው?» አለኝ። ዝናቡ አላባራም።
ከጣራዋ ሥር ባልዲዋ ሞልቶ ይፈስ ይሆናል፤
እሱ ከቁጥር አይገባም።