አርባ ሦስት ገጽ

"ሕግ አለ" አሉኝ ካሰል፣ "ጠይቅ ሳትፈራ፣
የያዙብህን ሁሉ ያሳዩሃል በተራ።"
ማመልከቻ ጻፍኩኝ በሰባራ ጀርመንኛ፣
በሃያኛው ቀኑ ደወለ ፖስተኛ፤
ወፍሯል ፖስታው፣ እንደ ዕድር መዝገብ፤
አርባ ሦስት ገጽ ነኝ። ተቀመጥኩ ላነብ።

ቁመቴ ይኸውና፣ የዓይኔም ቀለም አለ፣
ላምፔዱዛ ያተምኩት ጣቴም አልጎደለ፤
የትራም ቅጣቴ፣ ያመመኝ ጥርሴ፣
ለማንም ያልነገርኩት፣ የረሳሁት ራሴ።
ከእኔ ይልቅ አወቁኝ ብዬ ልስቅ ስል ጥቂት፣
"ልደት" የሚል መስመር፦ ጃንዋሪ አንድ ዕለት።

ያን ቀን አልተወለድኩም።
አንድ የደከመው ሰው፣ ከሌሊቱ በአራት፣
ሳጥኑ ባዶ እንዳይቀር የሰጠኝ ልደት።

ይኸው ሕግ ነው ደግሞ፣ "ስህተት ይታረማል"፤
ወይዘሮ ሎማን ፊት ወረፋዬ ደርሷል።
"ትክክለኛው ቀንስ?" ብላ ቀና አለች፤
እናቴ የነገረችኝ፦ "ላሚቱ በወለደች
በሦስተኛው ሌሊት፣ አንበጣው ሳይነሣ።"
ይህን የሚቀበል ሳጥን የለም ለካ።

ትጠብቀኛለች፣ ጣቷ ቁልፉ ላይ።
"ይቅር" አልኳት፣ "እንዳለ ይቆይ።
አርባ ሦስት ገጽ ሙሉ ስታውቁኝ፣
እዚች ስህተት ውስጥ ነው የማታገኙኝ።"